ቀድማ የተነሣችው፦ የእማማ ጠመኔ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እማማ ጠመኔ እያልን የምንጠራቸው አክስቴ፣ ከወፍጮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. እኔ አጎቴ ከምላቸው አናጢ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። አጎቴ በተረፈ ጣውላ ጓሮ የሠሩት ጋጣ በአሳማ ሲሞላ አክስቴ ማስተማሩን ተዉ፤ ጠመኔው ግን ከካፖርታቸው ኪስ አልወጣም።

በ1984 ዓ.ም. የሳንባ ቫይረስ ገብቶ ከአርባው አሳማ አሥራ አንዱ ብቻ ተረፉ። የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት እንደሌለው ነግረዋቸው፣ የቀሩትን አስወግደው አዲስ እንዲገዙ መከሯቸው። እርሳቸው ግን አንድ ነገር ልብ ብለው ነበር። ሌሎቹ ሳምንት ሙሉ ተኝተው ሲሰነብቱ፣ አንዲት አጥንቷ የሚቆጠር እናት አሳማ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ገንዳው ላይ ቆማለች። ከዚያ ወዲህ ለዘር የሚያስቀሩትን በውፍረት መምረጥ ቀረ። ታሞ ቀድሞ የተነሣውን ጀርባው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበት ጀመር።

አንድ ቀን አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሚስቴን ላግዝ ብለው መንጋውን በጎማ ውሃ ጥርት አድርገው አጠቡት። ምልክቱ ሁሉ ታጥቦ ሄደ። በዚያው ከሰዓት ያቺን ከሲታ ምልክት የለባትም ብለው ለጎረቤቱ ሥጋ ሻጭ ሸጧት። አክስቴ የእያንዳንዷን መልክ እንደ ተማሪ ያውቁ ስለነበር ወዲያው ነቁ፤ በቤት ጫማቸው ሮጠው ሁለት የሰቡ ሰጥተው አንዷን ከሲታ መለሱ። ሥጋ ሻጩ መምህሯ ሒሳብ ጠፍቷቸዋል እያለ ስንት ዓመት ሳቀባቸው! አጎቴም አክስቴ ሁለት ሳምንት ካኮረፏቸው በኋላ፣ በመጨረሻ ለየጋጣው ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ቀርጸው ታረቁ። ሰሌዳዎቹ ዛሬም አሉ።

በ2003 ዓ.ም. በሽታው ሲመለስ የከሲታዋ ዘሮች ታመው ብዙዎቹ ተነሡ። ሥጋ ሻጩም አንገቱን ደፍቶ ግልገል ሊገዛ መጣ፤ አክስቴ ሁለቱን መርጠው ሰጡት፣ ስለ ሒሳብ ግን ሳያነሡበት አልቀሩም። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ዋሉ። በዚህ ዓመት ጥር መጨረሻ ቫይረሱ እንደገና ገባ። እርሳቸው መነሣት ስላልቻሉ በየማለዳው እየገባሁ የጋጣውን ወሬ እነግራቸው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም የተነሣ አልነበረም፤ የሠላሳ ዓመት ድካማቸው ባዶ ቀረ ብለው ፈርተው እንደነበር ከፊታቸው አየሁ። በሦስተኛው ቀን ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ ገንዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስነግራቸው አለቀሱ። ከትራሳቸው ሥር ጠመኔውን አውጥተው በእጄ አስያዙኝና፣ «በይ፣ ሳይታጠቡ ምልክት አድርጊባቸው» አሉኝ።

በማግሥቱ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ተርፈናል። አምላክ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑርልን።

ምልክቱን አድርገናል፣ አክስቴ። ይረፉ።