ጭልፋህን የነጠቅሁህ እኔ ነኝ

ውድ ወንድሜ ቢሩክ፣

ይህን ደብዳቤ የምልክልህ ኢምፔሪያል ጋ ሻይ በምትሸጠው በሸሪፋ እጅ ነው። ያለህበትን ታውቃለች ብዬ እጠረጥራለሁ። ስጠይቃት ግን "እኔ ምን አውቄ" ትልና ቴርሞሷን መወልወል ትጀምራለች። አላምናትም። እሷም እኔን አታምነኝም፣ አልፈርድባትም።

እንደምታውቀው ሥራዬ መጠርጠር ነው። ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ልብስ እየገለበጥኩ እንከን ስፈልግ እውላለሁ፤ እንከን ያጣሁ ቀን ያመለጠኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። ይህንኑ ዓይኔን ይዤ ነው ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አገልግሎት የምመጣው። ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ልናበላ ድስቶቹን ድልድዩ አጠገብ ስንደረድር እኔ እንጀራ አድላለሁ፣ አንተ ወጥ ታወጣለህ። ስምንት ወር ጎን ለጎን ቆምን። ስምንቱንም ወር ስጠረጥርህ ነበር።

መጀመሪያ በሸሚዝህ ነው የጀመርኩት። ሁልጊዜ ያው ሰማያዊ ሸሚዝ፣ በደንብ የተተኮሰ፣ ኮሌታው አልቆ ተገልብጦ የተሰፋ። "ቤቴ ሲኤምሲ ነው" ብሎ የሀብታም ሰፈር የሚጠራ ሰው ኮሌታ ያስገለብጣል? ትሑት ለመምሰል ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ፌስታሉ መጣ። የተረፈውን ምግብ ትቋጥርና "ለጎረቤቴ ነው" ትላለህ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ አምላኩ በመኪናቸው ሊያደርሱህ ሲሉ "አይ ጋሼ፣ በእግሬ ልሂድ" ትላለህ። ስልክህ ዝግ ነው። ሴት ደብቋል አልኩ። ምግቡን ይሸጣል አልኩ። አንድ ሰሞን እንዲያውም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ተልኮ ሰው ሊያስኮበልል የመጣ ነው ብዬ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነው። የምናበላቸው ሰዎች እኔን "እህታችን" ይሉኛል፣ አንተን "ቢሩኬ" ይሉሃል። ማን ጥርሱን እንደሚያመው፣ ማን በርበሬ እንደማይስማማው ታውቃለህ። ጥሪ አለኝ ብዬ በጉባኤ ፊት የመሰከርኩት እኔ ነኝ፣ ጥሪው የሚታየው ግን አንተ ላይ ነበር። ቀናሁ። ቅናቴንም መንፈስ ቅዱስ የሰጠኝ ማስተዋል አድርጌ ወሰድኩት።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ሥራ ጨርሰህ ስትሄድ ተከተልኩህ። በገርጂ በኩል ተጀምሮ ወደቆመ ሕንጻ ገባህ። በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ አየሁህ። ሸሚዝህን አውልቀህ በጥንቃቄ አጠፍከው፣ አሮጌ ሹራብ ለበስክ፣ ካርቶን ላይ ተቀመጥክ። ካርቶኑ አልጋህ ነበር። አጠገብህ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነበሩ። ፌስታሉን ፈታህና "አባባ ኃይለኪሮስ፣ ዛሬ ምስር ነው፣ በርበሬ የለውም" ብለህ ታጎርሳቸው ጀመር። በእርግጥም ጎረቤትህ ነበሩ።

እዚያው አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ለጋሽ አምላኩ ነገርኳቸው፤ "ለእሱው አዝኜ ነው" አልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተመካክረው "መጀመሪያ እሱ ራሱ ይረዳ፣ ማገልገሉ ይደርሳል" አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ጋሽ አምላኩ ትከሻህን አቅፈው "ልጄ፣ ዛሬስ አንተ ብላ" አሉህና ጭልፋውን ከእጅህ ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። ሰልፍ ያዝክ። ሰሃንህን ስትዘረጋ አብዝቼ ጨለፍኩልህ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ" አልክ፣ ቀና ብለህ ግን አላየኸኝም። ከዚያ ወዲያ አልመጣህም።

ማደሪያ እንደሌለህ ሸሪፋ ታውቅ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። "ሸሚዙን እኔ ቤት ነበር የሚተኩሰው" አለችኝ። "ሰፈርተኛው በሙሉ ያውቃል።"

"ታዲያ ምነው ለእኔ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?"

"አንቺ ነገር ፈላጊ ነሻ" አለችኝ። "ሰውዬው እናንተ ጋ መጥቶ ሲያበላ ነበር ሰው መሆኑ የሚታወቀው። እሷንም ቀማችሁት።"

ከሸሪፋ ዘንድ ተነሥቼ በቀጥታ ጋሽ አምላኩ ቤት ሄጄ ቅናቴን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ግራ ገብቷቸው "ማደሪያ የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ ያገለግላል?" አሉኝ። "እኛስ የተጠራነው ቤት ስላለን ነው እንዴ ጋሼ?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መነጽሩን መልሰው አጠለቁና "ይምጣ" አሉ።

ይህቺን "ይምጣ" እንኳ ትንሽ እጠረጥራታለሁ። አስቁመው ሊያስመሰክሩህ፣ ፎቶ ሊያነሱህ ይፈልጉ ይሆናል። ካሜራ ካየሁ እኔ ነኝ የምጣላቸው። ማደሪያ ከፈለግህ ራስህ ትነግረናለህ፣ ካልፈለግህም የሚጠይቅህ የለም። ደግሞ ራሴንም አላምንም፤ ይህን የጻፍኩት ለአንተ ብዬ ይሁን ለህሊናዬ እረፍት፣ አልለየሁትም። ጥሪ የምለውም ምን እንደነበር እንጃ። እንደበደልኩህ ብቻ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ና። ጭልፋውን ያዝ። እኔ ሰሃኔን ይዤ ከሰልፉ መጨረሻ እቆማለሁ። ከሰጠኸኝ ካንተ እጅ እበላለሁ፤ ካልሰጠኸኝም ጦሜን ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ አልቀየምህም።

የበደለችህ እህትህ፣
አመለወርቅ