አይቶ የካደኝ ዳኛ

እሑድ

አንስቼ ነበር። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ባንዲራዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የአምቦው አጥቂ ለሚ ኳሷ ስትሰጠው ከጌዶ ተከላካዮች በግልጽ አልፎ ነበር፤ ኦፍሳይድ። ዋና ዳኛው ግርማ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። በእጁ «አውርጂ» አለኝና ጎሉን አጸደቀ። ጨዋታው በዚያችው ጎል አለቀ።

የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ አይደለም። የጌዶ ደጋፊዎች ሲከቡት «የመስመር ዳኛዋ አላነሳችም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው። ከወዲያ ማዶ ስለነበሩ አላዩኝም፤ አመኑት። የሜዳው በር ላይ ጠበቁኝ። እናቴን የምታህል ሴት ፊቴ ላይ ተፋች። ግርማ እያየ።

እስከ ዛሬ አክብሬ «ኦቦ ግርማ» ነበር የምለው። ቀረ።

ሰኞ

ታገድኩ፤ ከዳኞች ኮሚቴ በስልክ። የጠየቀኝ የለም፤ የሱ ቃል በቅቷቸዋል። «ዓርብ ኮሚቴ ፊት ቀርበሽ ታስረጃለሽ» አሉኝ።

የምሠራበት መድኃኒት ቤት ዋልኩ። አንዱ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ መጥቶ «ለዓይንሽስ መድኃኒት የለሽም?» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ሽሮፑን ሰጠሁት።

ግርማ በሰው ፊት «ዋሸሁ» እንዲል እፈልጋለሁ። እንዲዋረድ። ላብ እንዲያጠምቀው። እህቴ «ለእግዚአብሔር ስጪው» ትላለች። እሰጠዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለኮሚቴው።

ረቡዕ

የአምቦ ደጋፊዎች በኔ መስመር በኩል ነበሩ። ባንዲራውን አይተዋል። የጠየቅኳቸው ሁሉ «አላየንም» አሉኝ። ጎሏ የነሱ ናታ!

ለሚ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ከሥራ ስወጣ ፈልጌ ገባሁበት።

«አይተኸኛል?»

«አይቼሻለሁ። ቆም ብዬም ነበር፤ ፊሽካ ሲቀር መታኋት።»

«ይህንኑ ለኮሚቴው ንገርልኝ።»

«ዳኛ፣ የራሴን ጎል እኮ ነው!»

«ውጤቱ አይለወጥም። የሚነጻው የኔ ስም ነው።»

«አኒ ሂንቤኩ፣ እኔ እንጃ» አለና መንዳቱን ቀጠለ። ስወርድ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። እሱንም ጠላሁት።

ዓርብ

ግርማ ጸጉሩን ተስተካክሎ መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ባንዲራ አላየሁም» አለ። እኔ ስናገር ተንተባተብኩ፤ ራሴን ረገምኩ። ሰብሳቢው ጉዳዩን ሊዘጉት ሲሉ ለሚ እያለከለከ ገባ።

«አንስታለች» አለ ሳይቀመጥ። «እሱም አይቷታል። በእጁ አውርጂ ሲላት አይቻለሁ። በኔ ጎል ስሟ ሲጠፋ ማየት አልቻልኩም።»

ግርማ አላበው። ግንባሩ ላይ ሲወርድ እያየሁ ጠገብኩ? አልጠገብኩም።

በመጨረሻ «ሲከቡኝ ሕዝቡን ፈራሁ» አለ።

እሱ ታገደ፤ የኔ እገዳ ተነሳ። ሰብሳቢው «በሉ ተጨባበጡ» አሉን።

«መጀመሪያ ጌዶ ሄዶ እውነቱን ይንገራቸው» አልኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ኮሚቴው ተስማማ።

ቅዳሜ

ጌዶ። ማንም አልጠራኝም፤ ሲናገር ላየው ሄድኩ። ልምምድ ላይ በነበሩት ተጫዋቾችና በደጋፊዎቹ ፊት ቆሞ «ባንዲራ አንስታ ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው አሰልጣኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦

«ሲተፋባት እዚያው ነበርክ። ለምን ዝም አልክ?»

ግርማ ዞሮ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

መመለሻ ያገኘነው ሚኒባስ አንድ ብቻ። ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉደር ሳንደርስ ዞር ብሎ «ይቅር ትይኛለሽ?» አለኝ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

አምቦ እስክንገባ ተመልሶ አልዞረም። ማጅራቱን እያየሁ ደስ አለኝ። በደስታዬ ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ።