የሜሉ ቦት ጫማ

ውድ እታገኘሁ፣

የሜሉን ዕቃ ልሰበስብ ኦስሎ ከመጣሁ ሳምንቴ ነው። ልነሳ ስል «ልጅሽ እዚያ ታማ ካረፈች በኋላ እኔ ልጄን ሀሌሉያን እዚያው ለትምህርት እንዴት ልላክ?» ብለሽኝ ነበር።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የልብስ ቀን ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ የሚሄድ ተማሪ የብርድ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ይተዋል፤ አዲስ የመጣው ለክቶ ይወስዳል። እኛ ቤት የታላቅ ልብስ ለታናሽ እንደሚወርደው ማለት ነው። እኔ ግን የሜሉን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

እዚሁ የተወለደች ማርያ የምትባል የእኛው አገር ሰዎች ልጅ አለች። ሜሉ ስትታመም ከአልጋዋ አልተለየችም። የለበስኩትን ሸራ ጫማ አይታ፣ «እማማ፣ አንቺ በረዶ ላይ እየተንሸራተትሽ ቦት ጫማ ትቆልፊያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። «አንቺ» ስትለኝ ሜሉን መሰለችኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሻንጣውን ከፈትኩት። ካፖርቱን አንዲት የኔፓል ልጅ ለብሳ መስተዋት ፊት ስትዞር አለቀስኩ። ልጅቷም ምንም ሳትጠይቅ አቀፈችኝ።

ቦት ጫማውን ለማንም አልሰጠሁም። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት፣ የሀሌሉያ ልክ ነው። ስሟን ጽፌበት ማርያ ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ላኪያት፣ እታገኘሁ። ልጄን የወሰዳት ሕመም እንጂ አገሩ አይደለም። እሁድ ተማሪዎቹ ጫካ በእግር ይሄዳሉ፤ አብራቸው ትሂድ፣ ክፍል ዘግታ አትዋል።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። ጋሽ ዓምሃን ሰላም በዪልኝ። ወፍራም ካልሲ አስይዣት፤ ጫማው ለሜሉም ትንሽ ሰፋ ይል ነበር።

የሜሉ እናት