ከማሽኑ ድምፅ ጀርባ

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ውሃ ራሴ እቀዳለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ምስማር እመታለሁ። ለጽሑፍ ሰነፍ ነኝ፣ ያስቆጠረኝ መሠረተ ትምህርት ነው፣ ፊደል ብስት አንተ ደብተር ትችለኛለህ። ጆሮዬ ግን አልደከመም። ወርቃ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት የመፈልፈያ ማሽን መካኒክ ነበርኩ። ማሽን ሲታመም ከሰው ሁሉ በፊት የምሰማው እኔ።

ግቢ ጠረግኩ። ቆጮ በላሁ። ዲላ ዛሬ ጉም ናት።

ተከራዬ መ/ር ከማል ትናንት ካርቶን ይዞ ገባ። የቡታጅራ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል፣ አርባ ሞልቶታል፣ ሚስት የለውም። ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎታል። የጆሮ ማዳመጫ ነው አለ። ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ አለ። እኔ ሚስቴን የጠበቅኩት አንድ ዓመት ነው አልኩት። እንግዲያው የእኔ ትበልጣለች ጋሽ በራሶ አለኝ።

ምላሱ ጥሩ ነው። ልብሱን ግን ዝናብ ላይ ትቶት ይሄዳል።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። በግድ።

መጀመሪያ ክብደቱ። ግማሽ ኪሎ ስኳር አናትህ ላይ እንደ መሸከም ነው። ጆሮ ላይ የሚያርፈው የበግ ቆዳ። ለስላሳ፣ ይሞቃል። ውጪው ክፍት ነው፣ ወንፊት የመሰለ ብረት። የጎረቤት ውሻ ጩኸት ይሰማሃል፣ አንተ የምትሰማውን ደግሞ ውሻው ይሰማዋል። ይሄ ጉድለት ነው አልኩት። ድምፁ እንዲተነፍስ ነው አለ። ድምፅ ሳንባ አለው እንዴ።

ክራር ከፈተልኝ።

ክራሩ ጆሮዬ ውስጥ አይደለም። ፊት ለፊቴ፣ ወደ ግራ፣ አንድ ክንድ ርቆ። ጥፍሩ ክሩን ሲነካ ለብቻ፣ ክሩ ሲጮኽ ለብቻ። ሰውየው ከመዝፈኑ በፊት አየር ሲስብ ሰማሁ። ወፍራሙ ክር እንደ አውቶቡስ ስፒከር አያጓራም። ይወርዳል፣ ማቆም ሲኖርበት ይቆማል። ከኋላ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ። ዘፈኑ ውስጥ ወንበር ነበረ፣ እስከ ዛሬ ማን ያውቃል።

ለከማል ደህና ነው፣ አንገት ይሰብራል፣ ይህን ብቻ አልኩት። አንገቴ ያመኛል።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ከማል አስረዳኝ፣ እኔም ገባኝ፣ ማግኔት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ተራው ስፒከር ጥቅል ሽቦ አለው፣ ሽቦው ወረቀቱን መሃሉ ላይ ይገፋል። የዚህኛው ሌላ ነው። እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ላስቲክ፣ ሽቦው ላዩ ላይ የተነጠፈ፣ ማግኔት በዚህም በዚያም። ልባሱ እኩል ይንቀጠቀጣል፣ ዳር መሃል የለውም። ስለዚህ ትልቁ ድምፅ ትንሹን አይውጥም አለ። በስልክ ብቻ አይነሳም፣ ጉልበት ይፈልጋል፣ ማጉያ አለው።

እኔም የራሴን አወራሁ። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ማሽን ሲታመም ዲላ ላለው መለዋወጫ ሻጭ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። እኔና ደብዳቤ። ስለዚህ ቴፕ ሪከርደሬን ማሽኑ ሥር አስቀምጬ እቀዳለሁ፣ ካሴቱን ለሹፌር እሰጣለሁ። ሻጩ ሰምቶ ትክክለኛውን፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ወይ ማሽኑን የሚያዞረውን ቺንጋ ይልካል፣ ካሴቱንም ይመልሳል። ማሽኑ ራሱ ይናገር እንጂ።

ከማል ከወንበሩ ተነሳ። ካሴት ቀርቷል ወይ አለ። አንድ አለ አልኩት። ያለበትን አልነገርኩትም።

ያለው ከዘነቡ ሳጥን ውስጥ ነው።

ኅዳር 8፣ እሁድ፣ 9 ሰ.

ሳጥኑን ከፈትኩ። ዘነቡ ሚስቴ ናት። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት። ጡቷ ነው። ግንቦት ላይ ወደቀች፣ ሆ/ል ወሰድኳት፣ ዘግይታችኋል አሉን።

ይህን ጽፌልህ አላውቅም፣ አሁን ልጻፍ። በለቅሶው ወንድሟ ታደሰ ተነሳ። እህቴ መታመሟን ነግራዋለች፣ ከማሽኑ አልነሳም ብሎ ገደላት አለ። ሰው ፊት። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ታደሰ ቀበሌ ባንኮ ጎቲቲ፣ ሰባት ሰው፣ ዛፍ ሥር። አንድም ቀን አልነገረችኝም ብዬ ማልኩ። መሐላ እኛ ዘንድ ጨዋታ አይደለም። ታደሰ ተፈረደበት፣ ሙክት ይዞ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሙክቱን አረድኩ፣ በላሁ።

ልጄ ምሕረት ያኔ የነርስ ተማሪ ነበረች። እውነት አልነገረችህም አባዬ ብላ ጠየቀችኝ። የአጎትሽን ምላስ ይዘሽ መጣሽ ብዬ ከቤት አስወጣኋት። አሁን ሐዋሳ ናት። ለበዓል ትደውላለች፣ እንዴት ነህ፣ ደህና፣ በቃ።

ካሴቱ ላይ ያለው የእኔ ጽሕፈት ነው። ማሽን፣ ጥቅምት። ከመሞቷ በፊት ያለው ጥቅምት። የቴፑ ቺንጋ ላልቷል፣ በጓንት ጎማ ሠራሁት፣ ያውም በአንድ ሰዓት።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ሰማን። ተራ በተራ።

መፈልፈያው መጣ። እናንተዬ። ወርቃ መጣ። እሸት ቡናው ሲወርድ፣ ውሃው በቦዩ ሲሄድ፣ ቺንጋው ሲመታ፣ ሁሉም በየቦታው። በግራ በኩል ኩሽኔታው ያፏጫል። ያው ነው፣ ሁለተኛው። ለከማል አሳየሁት፣ ይቺን ስማ፣ ይቺ ናት በሽታው አልኩት። ጆሮዎን ለዩኒቨርሲቲው ይሽጡልን አለ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅህም።

ከዚያ እሱ አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ፣ ጋሽ በራሶ ከማሽኑ ጀርባ ሴት አለች አለኝ። በጌዴኦኛ ታወራለች፣ ማን ናት?

ቡና ለቃሚ ትሆናለች አልኩ። ካሴቱ ላይ ዝም በይ የሚል የእኔ ድምፅ እንዳለ ድሮም አውቃለሁ። መለዋወጫ ሻጩ ይቀልድብኝ ነበር፣ ማሽኑን ነው ወይስ ሴቲቱን ነው ዝም የምታሰኘው እያለ። ከለቃሚዎቹ አንዷ መስላኝ ነበር።

ማዳመጫውን መልሼ አልጠየቅኩትም። ወጥቼ እሳት ዳር ተቀመጥኩ። ብርድ ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ 4 ሰ.

ከማል ማስተማር አለበት፣ ዕቃውን እንዳሻዎት ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ብቻዬን ነኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁ።

እሷ ናት። በስተቀኝ፣ ትንሽ ኋላ፣ የምሳ ሳህኑን ድንጋይ ላይ ስታስቀምጥ ክዳኑ ይንኳኳል። ከዚያ ትናገራለች። ማሽኑ እየሠራ፣ ኩሽኔታው እያፏጨ፣ ድምፅዋ እንደ ዕለቱ ንጹሕ። እንዳለችው እጽፈዋለሁ፣ በአማርኛ።

‹‹በራሶ፣ ያ ጡቴ ላይ ያልኩህ እብጠት እንቁላል አክሏል። ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ዲላ ሂጂ አሉኝ። መቼ ትወስደኛለህ?››

ያልኩህ አለች። ያ የመጀመሪያ ጊዜዋም አይደለም።

ከዚያ እኔ። ቅርብ፣ ወፍራም፣ ከማሽኑ በላይ።

‹‹ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው።››

እሺ አለች። አንዲት ቃል። ከዚያ አልሄደችም። ልብስዋ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፣ ቆማ እየጠበቀች ነው። እስክጨርስ። ረጅም ነው። ከዚያ እግርዋ ጭቃው ላይ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እየራቀ።

ደግማ አላለችኝም። እስከ ግንቦት። ሰባት ወር።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ዛሬ ከማልን ተጣላሁት። ዕቃህ ሐሰተኛ ነው አልኩት። የሌለ ነገር ይጨምራል፣ የሰው አእምሮ ይበጠብጣል፣ ውሰድልኝ። ተናደደ፣ ፊቱ ተለወጠ። ግን አንቱታውን አልለቀቀም።

‹‹ይሄ ዕቃ አይጨምርም ጋሽ በራሶ። ሌሎቹ ናቸው የሚቀንሱት።››

በሩን ዘግቶ ገባ።

ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ለካሴቱ። እሳቱ ላይ ያዝኩት። የላስቲክ ሽታ እስኪመጣ ያዝኩት። ከዚያ መለስኩት። የዘነቡ ፎቶ ሁለት አለኝ፣ አንዱ የመታወቂያ። ድምፅዋ ግን ሌላ ቦታ የለም። በዓለም ላይ የቀረው ድምፅዋ ይኸው ነው፣ ውሰደኝ ስትል፣ እሺ ስትል።

ጥጉ ቀልጧል። ክሩ ደህና ነው፣ አየሁት።

አልዋሸሁም ብዬ ልከራከር አሰብኩ። ስምል አምኜ ነው የማልኩት፣ አልሰማኋትምና። ዕብድ። ያልሰማሁት ደንቆሮ ስለሆንኩ ነው? አንድ ኩሽኔታ ከሃያ ድምፅ መሃል የምለይ ሰውዬ? የሰማሁት የምፈልገውን ነው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ምሕረት ዘንድ ደወልኩ። በዓል አይደለም። ደነገጠች፣ አባዬ ታመምክ እንዴ አለች። አልታመምኩም አልኩ። የሐዋሳን ዝናብ ጠየቅኳት። ዘንቧል አለች።  ሌላ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ። ተረኛ ነኝ፣ በሽተኞች ይጠብቁኛል አለች።

ፈሪ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ፈሪ ያለኝ የለም። ዛሬ ራሴ አልኩት።

ከሰዓት ከማል በር ላይ ቆመ። የካሴቷ ሴትዮ ሚስትዎ ናቸው አይደል አለ። እንዴት አወቅህ አልኩ። ስምዎን ጠርተዋል፣ በራሶ የሚለውን እኔም እሰማለሁ አለ። ገብቶ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፣ እንደ ጻፍኩልህ። አላጽናናኝም፣ ደግ አደረገ። ስልክ ላይ ገልብጬ አሁኑኑ ለልጅዎ ልላክላት አለ። አይሆንም አልኩ። መብራት ጠፍቶ፣ ሥራ ላይ ሆና፣ አውቶቡስ ውስጥ ትሰማዋለች። እኔ እፊቷ ሳልኖር። አይሆንም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12 ሰ.

ሸሚዜን ተኮስኩ። ጺሜን ተላጨሁ፣ አገጬን ቆረጥኩ፣ ትንሽ ነው። የምከፍለውን እጽፋለሁ። ራሴ ነኝ የምከፍለው፣ ሰው አልክም።

ለከማል። ዕቃህ ሐሰተኛ ነው ያልኩትን መልሼአለሁ፣ ትናንት፣ በአፌ። አንገት ይሰብራል ያልኩትን አልመልስም።

ለታደሰ። ሙክት። ያኔ ሙክት ነበር፣ አሁንም ሙክት። ገደብ ከተማ ገበያ ወርጄ ራሴ እመርጣለሁ፣ ባንኮ ጎቲቲ ድረስ ራሴ እጎትታለሁ። በሩን ቢዘጋብኝ በጉን ደጁ ላይ አስሬ እቀመጣለሁ። እስኪከፍት።

ለሽማግሌዎቹ። ከሰባቱ ሦስት ቀርተዋል። በዚያው ዛፍ ሥር ቆሜ መሐላዬ ሐሰት ነበር እላለሁ። አራቱ ሞተዋል፣ ለልጆቻቸው እናገራለሁ። የሚፈርዱትን እቀበላለሁ። ሽማግሌ ነው ብለው ሊተዉኝ ይሞክራሉ፣ እንዲተዉኝ አልፈቅድም።

ለዘነቡ። የመቃብሯ ስሚንቶ ተሰንጥቋል፣ አሸዋ ራሴ ተሸክሜ እደፍናለሁ። ዕዳው ግን ይሄ አይደለም። ይሄን አውቃለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ለምሕረት። ከባንኮ ጎቲቲ ስመለስ ቀጥታ ሐዋሳ። ካሴቱን፣ ቴፑን፣ የጓንት ጎማ መለዋወጫም ይዤ። ከማል ማዳመጫውን ከነማጉያው ይውሰዱ አለኝ። ሁለት ዓመት የጠበቀውን። እምቢ አልኩ። በተራ ስፒከር ማሽኑን ብቻ ነው የምትሰማው፣ እናትዋን አታገኛትም አለኝ። ወሰድኩ። ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ፣ ሻንጣ ላይ አላስጭንም። ጆሮዋ ላይ ራሴ አደርግላታለሁ። የእናቷ ቋንቋ ነው፣ አስተርጓሚ አትፈልግም። የእኔንም ድምፅ ትሰማዋለች። ሰምታ ስትጨርስ የምትለውን ትበል፣ ቢመሽም። አላቋርጣትም።