በመንገድ ቀን የማይነሳው ካሚዮን

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

አሮጌው ካሚዮን ዛሬም አልነሳ አለኝ። ባለቤቴን ጥሩነሽን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ላደርሳት ከላይ አስተኝቼ፣ ክንዴ እስኪዝል የማስነሻውን ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ባዞረው ዝም አለ። መንገድ በሌለኝ ቀን ወዲያው ይነሳል፤ መንገድ ባሰብሁ ቀን ይሞታል። ቤንዚኑን ቀየርሁ፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ጠረግሁ፣ ምክንያቱን አጣሁት።

ዛሬ ግን የሞተሩን ክዳን ስከፍት ሽቦዎቹ ርሰዋል። ዝናብ አልጣለም። እናቴ መንገድ በምወጣበት ጠዋት ሁሉ ጸበል ትረጫለች፤ ለካ የምትረጨው እዚያ ውስጥ ኖሯል። እስኪደርቅ ቀኑ መሸ፣ ጥሩነሽንም ወደ ቤት መለስናት።

እናቴ እያለቀሰች፣ «ልጄ፣ ጸበሉ አንሶት ነው። ነገ አብዝቼ እረጨዋለሁ» አለችኝ።

ጥሩነሽ ከተኛችበት ሆና «አሜን» አለች።