ያልወረደው የሩዝ ቂጣ

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለሽው ለታናሽ እህቴ ለጆንጃ፣ ኦሳካ።

እንደምን ሰነበትሽ፣ እህት ዓለም? ወገብሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅረሽ ስለምትውዪ ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የባልሽ ጉልበት ተሻለው? ልጅሽ ሚናኮስ፣ ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? ብርዱ ሳይብስ ደረቷን ሸፍኚላት። እኔም፣ ልጄ ዶክሱም፣ ዶሮዎቹም አለን። «ደህና ነኝ» ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ከገብስ አጨዳ ጀምሮ ባጭር ባጭሩ እየጻፍኩ ደህና ነኝ ስልሽ ከርሜያለሁና ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ።

እናታችንን የቀበርን ለት አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ሲመጣ ሲሄድ የአሳማ ሥጋውን ስቆርጥ፣ ሾርባውን ስቀዳ ዋልኩ። የጎረቤት ሴቶች «ጌሱን ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ወደ ማምሻው ላይ ከልቤ በታች፣ ከእምብርቴ በላይ አንድ ነገር ቁጭ አለ። ለለቀስተኛ ከቀረበው የሩዝ ቂጣ እየተጣደፍኩ ጎርሼ ስለነበር ምግቡ አልወርድ አለኝ አልኩ። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ምግብ አልወርድ ካለ መድኃኒቱ መርፌ ነው። ዶክሱ አውራ ጣቴን በክር ጠፍንጎ አሰረና ጥፍሬ ሥር ወጋኝ። ደሙ ጠቁሮ ወጣ። «አየሽ? ጥቁር ነው። በደንብ ነው የተቀረቀረብሽ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። በክር ታስሮ የማይጠቁር የማን ደም እንደሆነ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ። የሙቀቱን ወራት ሁሉ ስወጋ፣ የፕለም ጭማቂ ስጠጣ፣ ጀርባዬን ስደበደብ ከረምኩ። ቂጣው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዛጎል ለመልቀም ባሕር ስጠልቅ ሰውነቴ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር። አንቺ ጆሮሽ እያመመሽ ከመጥለቅ ቀረሽ እንጂ ታውቂዋለሽ፣ ትንፋሽ ሊያልቅ ሲል ከጎድን ሥር እንደ ስቅታ ያለ ነገር አንዴ ነጠር ይላል። ያን ጊዜ እጅሽ ላይ ወርቅ ቢኖር እንኳ ጥለሽ ወደ ላይ ነው። እናታችን «ሰው የሚሞተው ባሕሩ ጠልቆበት ሳይሆን ሆዱን አልሰማ ብሎ ነው» ትል የነበረው ይህንኑ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታች ወርጄ ከአለት ሥር አንድ ትልቅ ዛጎል ለማላቀቅ ስታገል ያ ስቅታ መጣ። «ይሄ ያ ቂጣ ነው» ብዬ ትግሌን ቀጠልኩ። ደግሞ መጣ። ደግሞ ቂጣው ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አንገትጌዬን ጨምድዶ የያዘውን የእትዬ ማልሱንን እጅ ነው። ላይ ሆና፣ ወጥቼ ትንፋሼን ስለቅ የማሰማውን ፉጨት ብትጠብቅ ብትጠብቅ ሲቀርባት ጊዜ ጠልቃ ጎትታ አወጣችኝ።

ልብስ የምንቀይርበት የድንጋይ ካብ ውስጥ፣ እሳቱ ዳር አስቀምጠው ሲያሹኝ «አንቺ፣ ዓሣ ሆንኩ ብለሽ ነው?» አለችኝ። ምግብ አልወርድ ብሎኝ እንደከረመ ነገርኳት። «ከገብስ አጨዳ እስካሁን? ምን ዓይነት ቂጣ ነው፣ በሲሚንቶ ነው የተቦካው?» ስትል ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የጠላቂዎቹ አለቃ ናትና ቃሏ ቃል ነው። «ትንፋሽሽን ከሐዘንሽ ሳትለዪ ባሕር አትገቢም» አለች። እህቴ፣ ባሕር ካልገባሁ እኔ ምን ነኝ?

እጄን ይዛ የሚከብደኝ ቦታ ላይ አሳረፈችውና «በይ እናትሽን አስቢ» አለችኝ። አሰብኳት። ሞቅ አለኝ፣ ዓይኔ እርጥብ አለ፣ አለፈ። «ሟቹን ባልሽንስ?» ምንም። «እሱንማ ድሮ ፈጭታዋለች» አለች አንዷ፤ ደግሞ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብላ «ጆንጃንስ?» አለች። ሆዴ ጭብጥ አለ፣ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ ተያዝኩ። «ለቀብር ስላልመጣች ነው፤ ተናድጄባት ነው» አልኩ። «ንዴት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጆሮ ያግላል። እስቲ ጆሮሽን ንኪው» አለችኝ። ነካሁት፤ በረዶ ነው። «ታዲያ ይሄ ንዴት ነው?» ስትለኝ ሆዴ ባባና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ አንዷ በፎጣ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ።

የይለፍ ወረቀት ከልክለውሽ እንደቀረሽ አውቃለሁ። እዚያ ሆነሽ ለእናታችን ሩዝ እንዳቀረብሽላት፣ ወደ ባሕሩ ዞረሽ እንደሰገድሽላትም አውቃለሁ። ተናድጄ ሳይሆን ፈርቼ ነው። ወደዚህ ደሴት የምትመጪው እናት ስላለችሽ ነበር። እሷ ከሄደች ለእኔ ብለሽ ባሕር ትሻገሪያለሽ? መቃብሯ ላይ አፈር ሲመለስ ያንቺ መንገድ አብሮ የተደፈነ መሰለኝ። ለዚህ ፍርሃት ስም ሳላወጣለት ቂጣ እያልኩ ጣቴን አስበሳሁ።

እትዬ ማልሱን እስካሁን አላስገባችኝም። ጠዋት ጠዋት ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ የሴቶቹን ፉጨት እሰማለሁ። ይህን ስጽፍልሽ ግን ያ ነገር ላላ ብሎልኛል፤ እንዲያውም የራበኝ ይመስለኛል። ነገ ሄጄ እነግራታለሁ።

የሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘመዱ ሁሉ ነይ ይልሽ ይሆናል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ለሙት አትምጪ። ከዚያ በፊት፣ ማንም ሳይሞት፣ ምንም ሳይደገስ፣ እኔን ልታዪ ነይ።

ለባልሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ለጥቂት ቀን እንዲያውሰኝ ለምኚው። አማትሽን እጅ ንሺልኝ። ሚናኮን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ዶክሱ ሰላም ብሎሻል። እትዬ ማልሱንም «ያቺ ጆሮ አሞኛል ባይዋ እንዴት ናት?» ብላለች። የራሴን ሰላምታ ግን አልላክሁልሽም፤ ከመርከቡ ስትወርጂ አንገትሽን አቅፌ እሰጥሻለሁ።

እህትሽ ጌሱን

ጄጁ ደሴት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1981 እ.ኤ.አ.