«እስከ»ን የዋጥኳት እኔ ነኝ

ለልጄ፣ ደጅህን ክፉ አይርገጠው፣ የያዝከው ይባረክልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠግኗል። በቪዲዮ ስትደውል ፊትህ እየደረቀ የሚቀረው በአዲሱ ኢንተርኔት የተነሳ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እህትህን አትቆጣት።

ወንድም ጋሼ፣ ይቺ ውሸት ናት! እማዬ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ሻጩ «እስከ መቶ ሜጋ» ሲለኝ መቶውን ሰምቼ «እስከ»ን ዋጥኳት። እማዬ «ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ያለችው ነርስ የእነሱን መስመር ሞክራለች፣ መጀመሪያ እሷን ጠይቂ» ብትለኝ፣ ሻጩ ፊት «አንቺ ደግሞ ስለ ኢንተርኔት ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባትና የዓመት ውል ፈረምኩ። ነርሷ ኋላ «ማታ ማታ ሁለት ሜጋም አይሞላም» አለችን።

እማዬ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ፊትህ ሲደርቅ ስክሪኑ የቆሸሸ እየመሰላት በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

አሁን «ጽሑፉን ምን አስረዘመው?» ትለኛለች። «ምርቃትሽ ነዋ!» አልኳት።

አፌ ለስድብ እንጂ ለይቅርታ አይፈታም። ጠዋት መስመሩ ይሻላልና ያኔ ደውልና እማዬን «እህቴ የምትልሽ አላት» በላት። ከዚያ ወዲያ መሸሻ አይኖረኝም።

ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ ዓይንህን ሳላይ አልቅር።

እናትህ